ከታች ሆኜ የጠራሁት ቁጥር

የእኔ ሥራ መጮህ ነው። ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ «የአንቴና ሱቅ አለን» እላለሁ፤ እንዲህ ሲሉት ደህና ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኖርነው በእኔ ጉሮሮ ነው። ባለቤቴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፣ እኔ ከደንበኛው ቴሌቪዥን ፊት ቆሜ የማየውን ጮክ ብዬ እነግረዋለሁ። እሱ ምስሉን አያይም፣ እኔ አንቴናውን አላይም። ያልኩትን አምኖ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ወርዶ እጁን ይታጠባል፣ ወደሚቀጥለው ቤት እንሄዳለን።

ሥራውን ያስጀመረኝ በተጋባን በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት የሚጮሁለት ደንበኞቹ ራሳቸው ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ ጉዳቸው አያልቅም። ቤት ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ይጮሃል፤ አንዱ «መጣ» ሲል ሌላው «ሄደ» ይላል፤ የኳስ ጨዋታ ካለ ደግሞ ምስሉ ቢንቀጠቀጥም «በቃ፣ በቃ፣ አትንካው» ብለው ያስወርዱታል። እኔን አንድ ቀን ሞከረኝና «አንቺ አታዳይም፣ ያየሽውን ነው የምትናገሪው» አለኝ። ሙሽራ ነበርኩና ይህንንም እንደ ፍቅር ቃል ቆጥሬው ከረምኩ።

በዚያ ዘመን ምስል ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ከጉንዳኑ ውስጥ የሰው ትከሻ ይወጣል። ከዚያ ዜና አንባቢው ጥላውን ከጎኑ አስከትሎ ብቅ ይላል። «ጨምር… ጨምር… አለፍከው፣ ተመለስ… ጥላው ጠፋ፣ እዛው እሰረው።» ይኸው ነበር። በአሥር ደቂቃ ይወርዳል።

የሰፈሩ ሰው «አንዴ» ይለዋል። አንዴ ከሰቀለ አይመለስበትም ማለታቸው ነው። ስሙን ከወደደው አይቀር ደግሞ በጣም ነው የወደደው፤ የሱቃችን በር ላይ ያስጻፈውም የራሱን ስም ትቶ ይህንኑ ነው። ነፋስም ዝናብም ያልነቀነቀው የእሱ አንቴና ከዛሬ ሃያ ዓመት ጀምሮ የቆመባቸው ቤቶች አሉ። በዚያ በኩል ስናልፍ ሳያስበው ቀና ይልና ያየዋል። እኔ ሌላ ነገር የማይ መስዬ አልፋለሁ።

ሱቃችን የገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ትልቁን አንቴና ነው። ትልቅ ከሆነ የሚበልጥ ይመስለዋል። ባለቤቴ ግን ዕቃ ከማውረዱ በፊት «ቤትዎ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ማሰራጫው ማማ ከበራፍዎ የሚታይ ከሆነ ይቺ ክንድ የማታህለዋ ትበቃዎታለች፤ በትልቁ ላይ ሲግናል የሚያጎላ ቡስተር ጨምረው ከሰቀሉበት ሪሲቨሩ ጆሮው ሥር እንደተጮኸበት ሰው ይደነቁራል ይላቸዋል። ቤቱ ከራቀ ደግሞ ረጅሙን ያወርዳል፤ ረጅሙ ሩቅ ያያል፣ ግን የሚያየው ጠባብ ነው፣ ጣት ያህል ከሳተ ባዶ ነው። ሲሰቀል የአንቴናው አጫጭር ዘንጎች ወደ ማማው፣ ረጅሙ ዘንግ ወደ ኋላ ይዞራል። አንድ ባለ ፋርማሲ ግን «ረጅሙ ዘንግ ነው ወደፊት መዞር ያለበት» ብሎ ወይ ፍንክች አለ። «እሺ ጌታዬ፣ ሲሰለችዎ ይጥሩኝ» ብሎ ባለቤቴ ሰቀለለት። በሦስተኛው ቀን ጠራው።

ከዚያ ዲጂታሉ መጣ። ጉንዳኑም ጥላውም ቀሩ፤ ምስሉ ወይ አለ ወይ የለም። ሪሲቨሩ ውስጥ የሲግናሉን ጥራት ከመቶ የሚያሳይ ገጽ አለ፤ አሁን የምጠራለት ያንን ቁጥር ነው። ክፋቱ፣ ቁጥሩ ገና ሠላሳ አምስት ሲሞላ ምስሉ ጥርት ብሎ ይመጣል። ደንበኛው ደስ ይለዋል፣ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላል። ነፋስ ሲነሳ ወይ ዝናብ ሲወርድ ግን ይቆራረጣል። ባለቤቴ ከስድሳ አምስት በታች አያስርም። ቁጥሩ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ አንቴናውን ትንሽ አዙሮ እስከ አምስት ቆጥሮ መጠበቅ አለበት፣ እንደገና ትንሽ አዙሮ እንደገና መጠበቅ። ድሮ በአሥር ደቂቃ ያልቅ የነበረው ሥራ አርባ ደቂቃ ሆነ። አርባ ደቂቃ ቆርቆሮ ላይ ነው የሚቆመው፣ በስድሳ ሦስት ዓመቱ።

ወጣቶቹ አንቴና ሰቃዮች በእጅ የሚያዝ መለኪያ ይዘው ይወጣሉ፤ ከታች ሰው አያስፈልጋቸውም። እሱንም «ግዛ» አሉት። «የእኔ መለኪያ ባትሪ አትጨርስም» ይላቸዋል ወደ እኔ እየጠቆመ። ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ነው። ጠዋት ዘንቦ ያባራ ቀን፣ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ነበርን። እኔ ቁጥር እየጠራሁ ሳለ ቆርቆሮው ተንኳኳ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ረጅም ተንሸራተተ። ወደ በሩ ሮጥኩ። የግራ እግሩ ጫማ ከፊቴ ጭቃ ላይ ወደቀ። ቀጥሎ እሱን ጠበቅሁ። አልወደቀም፤ የአንቴናውን ቱቦ በሁለት እጁ አቅፎ ቀርቷል። ጫማውን አንስቼ እንደያዝኩ፣ ከላይ በዚያው በተለመደ ድምፁ «አሁንስ ስንት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስክሪኑን ዞር ብዬ አላየሁትም። «ስድሳ ስምንት» አልኩት። «እሰረውና ውረድ።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ለምን ስድሳ ስምንት እንዳልኩ እንጃ፤ ስድሳ አምስት ብል የሚጠረጥረኝ መስሎኝ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ከቴሌቪዥኑ ፊት መቆም ትቼ የበሩ ደፍ ላይ መቆም ጀመርኩ። እዚያ ስቆም እግሩ ይታየኛል። ቁጥሩን በጨረፍታ አየዋለሁ፤ አርባ አካባቢ ከደረሰ፣ ምስሉም ከመጣ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ስድሳ ስምንት» እላለሁ። እሱ መሰላሉን እስኪወርድ ገጹን እዘጋና ዜናውን ወይ ፊልሙን እከፍተዋለሁ። ጥርት ያለ ምስል አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። ጣሪያ ላይ የነበረው አርባ ደቂቃ አሥራ አምስት ሆነ፤ ሃያ አምስቱ ደቂቃ የእኔ ትርፍ ነበር።

በቀጥታ ሳልነግረው ቀርቼ አይደለም። «ተው፣ ይበቃሃል፤ ሱቁ ያኖረናል» ብዬዋለሁ። ሱቁ ደግሞ እውነትም ያኖረናል። «እና ምን ልሁን? ቁጭ ብዬ የሪሞት ባትሪ ልሽጥ?» ይለኛል። ልጃችን በደወለች ቁጥር «እማዬ፣ አባዬ አሁንም ይወጣል?» ትለኛለች። «አልፎ አልፎ ነው» እላታለሁ። በዚያ ሁለት ዓመት ያልዋሸሁት ሰው የለም።

ከዚያ ስልኩ መጮህ ጀመረ። «አንዴ፣ ተቆራረጠብን እኮ።» «አንዴ፣ ትናንት በዝናቡ ጠፋ።» መጀመሪያ ገመዱን ጠረጠረ፤ መጋጠሚያው ውስጥ ውኃ ገብቶ ነው ብሎ ቀየረ። ቀጥሎ የዛፍ ቅጠል ጠረጠረ። ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ የሚሠራውን ፎቅ ጠረጠረ፤ በየቀኑ ቆሞ ስንተኛ ፎቅ እንደደረሰ ያያል። በየቤቱ እየተመለሰ ይወጣል፤ እኔም ደፍ ላይ ቆሜ ያንኑ ቁጥር እጠራለታለሁ፣ አንዳንዴ እንዳይታወቅብኝ ስድሳ ሰባት እያደረግኩ። የሚጠረጠር ነገር አልቆ አንድ ብቻ ቀረው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሱቁ ውስጥ አንድ አንቴና ጭኑ ላይ አስተኝቶ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ይፈታል፣ ያጠብቃል። ዓይኑ ከዘንጉ ጫፍ አይነሳም።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«እጄ ነው» አለኝ። «አንቺ ስድሳ ስምንት ስትዪኝ ልክ ነው፣ እዚያው ነው የማቆመው። ሳጠብቀው ነው የሚሸሸኝ። እጄ ሳላውቀው ይንቀሳቀሳል ማለት ነው።»

«ምንም አይንቀሳቀስም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» ብሎ ቀና ብሎ አየኝ።

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ደንበኛ ገባ፣ ተረፍኩ። ደንበኛው ከወጣ በኋላም ግን ዝም ነው ያልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ሰው ፊት ሲቀመጥ እጁን ጠረጴዛ ሥር ያደርጋል። የማይንቀጠቀጥ እጁን ይደብቃል። አንጀቴን በላው። ይህን እያየሁ ዝም በማለቴ አሁን ሳወራውም አፍራለሁ።

ቲቸር ቤት የሄድነው በዚያው ሰሞን ነው። ቲቸር የምንላቸው አርባ ዓመት ሂሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴትዮ ናቸው። ከዳገቱ ሥር ባለች ሁለት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ቴሌቪዥኑ ነው የሚያወራቸው። ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ማማው በቀጥታ አያየውም፤ በዳገቱና በሰፈሩ የውኃ ታንከር መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ነው የሚገባላቸው። ረጅሙን አንቴና ሰቅለንላቸዋል፣ ተመልሰን አስተካክለንላቸዋል፤ የአሁኑ ሦስተኛችን ነው። ቲቸር ተቆጥተው አልጠበቁንም። ደብተር ይዘው ጠበቁን። በቀይ እስክሪብቶ መስመር አስምረው የተቆራረጠበትን ቀንና ሰዓት መዝግበዋል፤ ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ሦስት ጊዜ፤ ሐሙስ ዝናብ፣ ሙሉ በሙሉ።

ባለቤቴ ደብተሩን እንደ ወደቀ ተማሪ ቆሞ አነበበውና መሰላሉን ሊያቆም ወጣ። ወገቡን ይዞ ነው የሄደው። እኔ ሪሲቨሩን ከፍቼ ገጹን ስፈልግ ቲቸር በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ባለፈው ጊዜ እዚህ ላይ የነበረው አርባ አንድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝ። አንቺ ሁለቱንም ቀን የጠራሽው ስድሳ ስምንት ነው።»

በሁለት ዓመት ውስጥ ስክሪኑንና አፌን አስተያይቶ የሚያነብ ሰው አልገጠመኝም ነበር።

«ዓይንሽ ነው?»

«ዓይኔስ ደህና ነው፣ ቲቸር።»

«እንግዲያው ምንድን ነው?»

ከውጭ መሰላሉ ግድግዳው ላይ ሲደገፍ ተሰማኝ። ከዚያ እግሩ፤ አንድ ደረጃ ይወጣል፣ ያርፋል፣ አንድ ደረጃ።

«ቶሎ እንዲወርድልኝ ነው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁና በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። «ኩረጃ ብዙ አይቻለሁ» አሉ። «እንዲህ ዓይነቱን ግን አላየሁም።» ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ቀጥሎ ያሉት ግን አላሳቀኝም። «የእኔ ጣሪያ ላይ ስንት ጊዜ ወጣ?»

«ከዛሬው ጋር ሦስት።»

«የመጀመሪያው ቀን እውነቱን ነግረሽው ቢሆንስ?»

«አንድ» አልኩ። እኔ ደቂቃ ስቆጥብ ኖሬያለሁ፤ መሰላሉን ስንት ጊዜ እንዳስወጣሁት ቆጥሬ አላውቅም። ልብስ ሰፊው ቤት ሁለት ጊዜ። ወፍጮ ቤቱ ሦስት ጊዜ፣ አንዱ በዝናብ። የእግሩን ጫማ እያየሁ ከሞት የማድነው መስሎኝ መልሼ መላልሼ የሰደድኩት እኔው ነኝ። ቲቸር ደብተራቸውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«አለሽ?» አለ ከላይ።

ደፉ ላይ ወጣሁ። «አለሁ።»

ወዲያው አንቴናውን አልነካም። ቱቦውን ተደግፎ ወደ ዳገቱ ያያል። «ስሚኝማ» አለኝ፣ ሳይጮህ፣ ሱቅ ውስጥ እንደምናወራው። «ለቲቸር ሌላ ሰው እንፈልግላቸው። ዛሬ የቻልኩትን ልሞክርና በዚሁ ይብቃኝ። መሰላሉንም የሚፈልግ ይውሰደው። እጅ የለኝም ከእንግዲህ፤ ስሜን ሳላበላሽ ብተወው ይሻላል። ደከመኝ።»

ሁለት ዓመት የለመንኩትን በራሱ አፍ አለው። የሚጠበቅብኝ አንድ «እሺ» ብቻ ነበር። ከነገ ጀምሮ ከሱቁ አይወጣም፤ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያ ጣሪያ አላይም፤ ለልጄም እውነቱን እነግራታለሁ። እንዲያውም አፌ ተከፍቶ ነበር። ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ጠረጴዛ ሥር ሲደብቅ ታየኝ፤ ነገም፣ የዛሬ ዓመትም፣ እስኪሞት ድረስ። ደህና እጁን ይዞ፣ በእኔ ውሸት።

«እጅህ ምንም አልሆነ» አልኩት። ድምፄ ተሰነጠቀ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ተሰንጥቆ አያውቅም። «ቁጥሩን የዋሸሁህ እኔ ነኝ። ስድሳ ስምንት ሆኖ አያውቅም። አርባ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጫማህ ከወደቀ ጀምሮ።»

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ አይታየኝም፤ እግሩ ብቻ በጣሪያው ጠርዝ ተንጠልጥሏል። «የልብስ ሰፊውም?» አለ።

«የሱም።»

«የወፍጮ ቤቱም?»

«የሱም።»

«የዚያ የዳቦ ቤቱ? ገመዱን በሙሉ የቀየርኩት?»

«የሱም» አልኩ። እያንዳንዱን ቤት እየጠራ ጠየቀኝ፤ እያንዳንዱን «የሱም» አልኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቲቸር ከኋላዬ ቆመው ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«እጄ ነው ብዬ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ እንደ ታመመ ሰው ዝግ ብሎ። «እጄ ነው ብዬ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ።»

እሱ ተነሳ። ቱቦውን ይዞ ሲቆም ጉልበቱ ቀጭ ሲል እስከ ታች ተሰማኝ። ቀኝ እጁን ከፊቱ አውጥቶ ጣቶቹን ዘረጋቸው፣ ጨበጣቸው፣ እንደገና ዘረጋቸው። ከዚያ መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ ብሎኑን ፈታ።

«ግቢ» አለኝ። «ከበሩ ላይ ሆነሽ አይታይሽም። ከቴሌቪዥኑ ፊት ቁሚ።»

ገባሁ። ለበሩ ጀርባዬን ሰጥቼ ስክሪኑ ፊት ቆምኩ። ቲቸር መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ስንት?»

«አርባ አንድ።»

ትንሽ አዞረ። እስከ አምስት ቆጠርኩ። «አርባ አራት።» እንደገና። «አርባ ዘጠኝ።» ምስሉ ጥርት ብሎ መጥቷል፤ አንድ ሰውዬ ስለ አየር ጠባይ ያወራል። ቆርቆሮው ላይ እግሩን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ሲያዛውር ይሰማኛል፤ የትኛው እግሩ እንደሆነ፣ ጠርዙ ላይ ይሁን መሃሉ ላይ አላውቅም። «ሃምሳ ሦስት።» «ሃምሳ ሰባት።» እዚህ ላይ ብዙ ቆየ፤ አልጨምር አለ። ከበስተጀርባዬ አንድ ሚስማሩ የላላ ቆርቆሮ ጮኸ፣ የሆነ ነገርም ተንሸራተተ። ቲቸር ክንዴን ያዙኝ።

«አሁንስ?» አለ ከላይ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ልሰረው?»

ዓይኔን ከቁጥሩ ሳልነቅል «ገና ነው» አልኩት። «ቀጥል።»